የዋንዛ ቁምሳጥን

እኔ አናጢ ነኝ፣ እንጨት ነው ቋንቋዬ፣
ስለ ኳስ ከሆነ፣ አላውቅም ጌታዬ።
ይህን ቁምሳጥን ግን ስንት ነው ካልከኝ፣
ዋጋው ረጅም ነው፤ ቁጭ በልና ስማኝ።

ያኔ፣ ጉም ከጦሳ ሳይለቅ በማለዳ፣
አረጋ ጸሐፊው መጣ ከአራዳ፤
«ቁምሳጥን ሥራልን፣ ባለ መስታወት፣
ለዋንጫ ማኖሪያ፣ ለክለባችን ቤት።»
«ዋንጫውስ የታለና?»
«ዘንድሮ ይመጣል። አንተ ጀምረው፣ ጥሩ ዋንዛ ምረጥና።»
ግማሹን ከፈለኝ፤ ግማሹ ከዋንጫው ጋራ፣
እሱም፣ ነፍሱን ይማረው፣ አለፈ ሂሳቡ ሳይጠራ።

ዋንዛና ዋንጫ፣ አንድ ፊደል ነው ልዩነቱ፣
እሱ ይሆናል ያሞኘኝ በሰዓቱ።
በስንዝር፣ በጋት ለካሁ፣ በግምት፣
ዋንጫ መቼ አይቼ አውቃለሁ፣ በምን ዕድሜዬ፣ የት?

የጦሳ ልጆች ግን፣ ምን ልበልህ!
ይማም ኳስ ሲይዝ ሆጤ ሜዳ ጸጥ፣
ቆሎ ሻጯ እንኳ መልስ ሳትሰጥ፣
ስፍር ቆሎ በእጇ አየር ላይ ሲቀር።
ሙህዬ በረኛው፣ ቀን ወፍጮ ቤት የሚያድር፣
ቅንድቡ ዱቄት፣
ሲወረወር ነጭ ብናኝ የሚተው ከኋላው፣
አጥቂው ገና ሳያስብ ሐሳቡን የሚሰማው።
ደግሞ አበጋዝ፣ የሸዋ በሩ ልብስ ሰፊ፣
በግራ እግሩ ኳስን በመርፌ ቀዳዳ አሳላፊ።

አራት ጊዜ ደረሱ ለፍጻሜ።
የመጀመሪያው እዚሁ ነው፣ አይቻለሁ ቆሜ።
ሁለት ለዜሮ መርተን፣
ሃያ ደቂቃ ሲቀር ጉም ከጦሳ ወርዶ ዋጠን።
ፊሽካ ተነፋ፤ የነፋው ዳኛ ግን አልታየም።
ነገ ይደገም ተባለ፤ ነገ ግን ዛሬ አልነበረም።
«ስማችን ጦሳ፣ ጣያችን ጦሳ» ያለ ሰው ነበር፣
ሊያስቀን፤ ማንም አልሳቀም እስከ ሸዋ በር።

ለሁለተኛው ሐረጎን ወርጄ ኮምቦልቻ ሄድኩ።
እኩል ለእኩል አለቀ። በዕጣ ይሁን አሉ።
ይማም «አንበሳ» አለ። አንበሳው ጭቃ ላይ ተደፍቶ ተገኘ፣
የዘጠና ደቂቃ ላብ በአሥር ሳንቲም ተዳኘ።

እዚያው ነው ዋንጫውን በቅርብ ያየሁት፣
ሌላው ሲያለቅስ እኔ በዓይኔ ለካሁት።
አራት ጣት።
ከሠራሁት መደርደሪያ በአራት ጣት ይረዝማል!
ቢያሸንፉስ ኖሮ? ደጅ ሊያድር ኖሯል።
ለማንም አልነገርኩም። ያን ሌሊት ፋኖሴን ለኩሼ፣
መደርደሪያውን ነቅዬ ከፍ አድርጌ መታሁት መልሼ።

ሦስተኛው ወልድያ ነው። እሱን ተወው ይቅር።
ሙህዬ እስከ ዛሬ ስሙን አይጠራም፣ የዚያን አገር።

አራተኛው ሆጤ። ፍጹም ቅጣት ምት፣ የመጨረሻው ደቂቃ፣
አበጋዝ ኳሷን አስቀመጠ፣ አየ፣ እንደ ክር ለካ።
በረኛው ወደ ቀኝ ወድቋል፤ ኳሷ በግራ ናት።
የመለሳት እንጨት ነው።
የግቡ ቋሚ። ባህር ዛፍ። የማን ሥራ እንደሆነ አትጠይቀኝ።
አበጋዝም አልጠየቀኝ።
በማግስቱ ሱሪዬን አሳጠረልኝ፣ ዋጋም አልተቀበለኝ።

ያሸነፉትን ስም ብረት ይዞታል አሉ፣
ብረት ይዛግ እንጂ እኔ ምን አውቃለሁ።
ይማም ሲሚንቶ ያስጭናል፣ ወገቡን ያመዋል፣
አንዳንዴ ይመጣና መስታወቱን በክንዱ ወልውሎ ይሄዳል።

እና አንተ፣ ለሞባይል መሸጫህ ፈልገኸው ነው፣ ገብቶኛል፣
እንጨቱ ዋንዛ ነው፣ ነቀዝ አይነካውም፣ ልጅህን ያገለግላል።
ግን ቀብድ ተበልቶበታል፤ ባለቤት አለው።
«የት አለ ባለቤቱ?» አትበለኝ፣ ይልቅ ና እየው፣
እጅህን አስገባ፣ ከላይኛው መደርደሪያ በላይ፤
አየኸው ስፋቱን?
አራት ጣት ጨምሬበታለሁ።