ወራጅ አለ

ሁለት ቃል ናት፤ በቃ።
ሕፃን ይላታል፥ ሰካራም ይላታል፥ እንቅልፋም ይላታል ሲነቃ።
እኔ ግን "ወ" ላይ እቀራለሁ፤
እንደሚስም ሰው ከንፈሬን አሞጥሙጬ፥ እዚያው እደርቃለሁ።

ስለዚህ ስንት ዓመት በሰው አፍ ወረድኩ።
ግንፍሌ ድልድዩ ጋ "ወራጅ" የሚል ከተገኘ፥ ተመስገን ብዬ ተከተልኩ፤
ካልተገኘ፥ የቤቴን ቆርቆሮ በመስኮት እያየሁ አለፍኩ፤
ቀበና ከሰው ጋር ወርጄ በእግሬ ተመለስኩ።
ላጤ መሆኔ በጀኝ፤
"የት አምሽተህ ነው?" የሚል የለኝ።

ቀን ቀን ፒያሳ፥ ከማተሚያ ቤቱ ምድር ቤት፥
አራሚ ነኝ። የሠርግ ጥሪ፥ የሙት ዓመት፥
የዕድር ደንብ፥ የሱቅ መክፈቻ፤
መናገሪያዬ ቀይ እስክሪብቶ ብቻ።
የተደገመ "ወ" ካገኘሁ ያለ ርኅራኄ እሰርዛለሁ፤
ማታ በገዛ አፌ ስንቱን እደረድራለሁ።

ያን ቀን ሐምሌ ነው፤ ዝናቡ ሰማዩን የለቀቀ፤
ብብቴ ሥር የጋሽ ወንድይፍራው የአርባ ጥሪ፥
መቶ ሃምሳ ወረቀት፥ ቀለሙ ገና ያልደረቀ።
ከቀበና በእግሬ ብመለስ አለቀ፤
ሟቹ ሁለተኛ ሊሞት፥ ስሙ በጎርፍ ሊታጠብ።

ያን ስም በቁሙ አንድም ቀን ሳልሰባብር አልጠራሁትም።
እሱም አንድም ቀን አልጨረሰልኝም።
ባርኔጣውን አውልቆ በእጁ ይዞ ይቆማል፥
ስሙ ከአፌ እስኪወጣ፥
እንግዳ እንደሚቀበል ሰው።

ታክሲው ሞላ። መስታወቱ በትንፋሽ ደመነ።
አራት ኪሎን ሐውልቱን ዞርን፤ ቁልቁለቱ ጀመረ።
ጆሮዬን አቆምኩ። የሚወርድ የለም፤ ሰዉ ሁሉ መገናኛ ነው።
"ወ—"
የሹፌሩ ራዲዮ ኳስ ይተነትናል።
"ወ— ወ— ወ—"
ከኋላ አንዱ ተማሪ ክትክት አለ።
ነጠላዋ የበሰበሰ ሴትዮ ዞራ አየችኝ፤
ገባት፤ አዘነችልኝ፤
አፏን ከፈተች ልትጨርስልኝ።
እጄን አነሣሁ።
"ቆ— ቆይ። እ— እኔው ልበለው።"
ከየት እንዳመጣሁት እንጃ።

ሹፌሩ ራዲዮውን ዘጋ።
አንዲት ፊደል እስክትወለድ ታክሲ ሙሉ ሰው አብሮኝ አማጠ።
ድልድዩ መጣ። ድልድዩ አለፈ።
የዝናብ መጥረጊያው ብቻ ወዲያ ወዲህ፥ ወዲያ ወዲህ።

"ወራጅ አለ።"

ማንም አላጨበጨበም።
ሴትዮዋ ጉልበቷን ሰብሰብ አድርጋ አሳለፈችኝ፤ ሌላ የለም።

ረዳቱ ሽኩር፥ ቀኑን ሙሉ ሰው ሲጠራ ድምፁ የሻከረ፥
በሩን ከፍቶ ወረደ፤ ዝናቡ ውስጥ ከኔ ጋር ቆመ።
"ቤትህ እዚህ ነው እንዴ? ሁልጊዜ ቀበና ወርደህ ስትመለስ አይሃለሁ።
በእግሩ መሄድ ይወዳል ብዬ ነበር።"

ለካ ታይቼ ነበር።
ማን ያየኛል ብዬ በተመለስኩበት መንገድ ሁሉ፥ ታይቼ ነበር።

"አይ" አልኩት፤ "ተ— ተብታባ ነኝ።"
ይህችን ቃል አርሜያት አውቃለሁ እንጂ ብያት አላውቅም።

ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ። የጩኸት ሰው ሲያንሾካሹክ ያስደነግጣል።
"እኔ ደግሞ ታፔላውን ማንበብ አልችልም። መንገዱን በቃሌ ነው የያዝኩት።
ለሰው እንዳትነግር።"
"በ— በየትኛው አፌ!"
ሳቅን፥ ሹፌሩ ክላክስ እስኪያደርግ።
ወረቀቱ አንድ ጠርዙ ብቻ ራሰ።

አሁን ማታ ማታ፥ ግንፍሌ ስንቃረብ፥
ሽኩር እጁን በሩ ላይ አድርጎ ያየኛል፤ አይጨርስልኝም።
በደረሰኝ ጀርባ አንዲት ፊደል ጽፌ ሰጥቼዋለሁ፤
ከ"ሀ" አልጀመርንም።
ከቀናኝ ድልድዩ ጋ፥ ካልቀናኝ ከድልድዩ ወዲያ እወርዳለሁ።
አንዳንድ ቀን ቃሉ ሳይወጣ ቀበና እንደርሳለን።
ድሮ ብቻዬን ነበር የማልፈው።