የጨው መለኪያ

ትራሙ ታጥፎ ከሚመለስበት፣ ከኮፕሊ ጫፍ፣ ታሊን፣
በእንጨት ቤታችን ሁለተኛ ፎቅ አንድ ሣጥን አለን፤
የመስተዋት፣ መቶ ሃያ ሊትር፣ ዓሣ የሌለው፣
ጎረቤታችን ሄልቪ ልጇ ዘንድ ስትገባ በአርባ ዩሮ የሸጠችው።
ሦስት ሳምንት ሙሉ ከግድግዳው ሥር ደረቁን ተቀምጦ
ፊታችንን ያሳየናል፣ ጎብጦ፣ ተለጥጦ።

ባሌ ኡርማስ «ባሕር» ይላል። መርከብ በያጅ ነበር፣
ሰው ቀንሰው እሱንም እስኪያሰናብቱት፣ አምና በኅዳር።
«ቤት ባሕር ካልገባበት ሣጥኑ ምኑን ሣጥን ሆነ?
ብርቱካን ዓሣ፣ ወገቡ በነጭ መቀነት የተሸነሸነ፣
ከኮራል ጋር ሲላፋ ማየት!» ይላል፣ ዓይኑ እየባከነ።

እኔ ደግሞ ደብተር አለኝ። የሌሊት ዳቦ ጋጋሪ ነኝ፤
ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ በዱቄት ጣቴ የጻፍኩት ነው የሚያስተኛኝ።

ጨው በባልዲ፣ ስልሳ ሁለት።
አረፋ መጥረጊያው፣ መቶ አሥር።
መብራቱን ተዉት፤
የኩሽናችን አምፖል ሁሉ ተደምሮ አይስተካከለውም።
ድንጋዩ (ሕያው ነው አሉ) በኪሎ ይመዘናል፣
ከበሬ ሥጋ ይወደዳል፤ ቢቀቀል ግን ምን ይሆናል?
የመደብነው ሁለት መቶ። ከዚያ ወዲያ ብድር ነው፤
በብድር ውኃ የዋኘ ዓሣ ባለቤቱ ባንኩ ነው።

«የቧንቧ ውኃ» አልኩ፣ «ክሎሩ እስኪወጣ ሌሊት አሳድረን፣
አንድ ማጣሪያ፣ አንድ ማሞቂያ፣ ትንሽ አሸዋ አጥበን፣
አሥር ኒዮን በሃያ ዩሮ፣ ሰማያዊ ክር የመሰሉ፤
ቀንድ አውጣ እንኳ በነጻ ይሰጣሉ።»

«የቧንቧ ውኃ?» አለ ኡርማስ፣ «ሾርባ ላይ ጨው እንደ መርሳት!»
«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ!» አልኩት በእናቴ ቋንቋ፣ በንዴት።
ተርጉሚልኝ አለ። ተረጎምኩ። እስከ መጨረሻው፦
አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል።

ዝም አለ።
የሥራ ጓንቱ በር ላይ እንደተሰቀለ ነበር፣ ከኅዳር ጀምሮ።
ምነው ያኔ አፌን በቆረጠው።

ሁለት ቀን ስለ ዓሣ ማንም ትንፍሽ አላለም።
ቅዳሜ ሊሱ ጠፋች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ሳትነግረን ወጥታ አታውቅም።
ከስትሮሚ ዳርቻ የየካቲትን በረዶ በተረከዟ ሰብራ
የጃም ጠርሙስ ሙሉ ባሕር ይዛ መጣች፣ ጣቶቿ ቀልተው፣ ኮርታ።
አባቷ በስውር የገዛውን የጨው መለኪያ
(ዘጠኝ ዩሮ፤ ደብተሬ አያውቀውም)
ከመሳቢያው አውጥታ ነከረችው።

ቀዩ መርፌ ትንሽ ተነሣ፣ ቆመ።
ሠላሳ አምስት አልደረሰ። አሥርም አልሞላ። ስድስት።
«ተበላሽቷል» አለ ኡርማስ።
አልተበላሸም። ደጃችን ያለው ባሕር ይኸው ነው፤
ወንዝ ሁሉ ይገባበታል፣ ከውቅያኖስ የሚደርሰው ግን በጠባብ በር፣ በጭልፋ ነው።
ያ ሃያ ዓመት ሙሉ መርከብ የበየደለት
ሙሉ ጨው መግዛት አቅቶት በስድስት ይኖራል፣ ማዕበል ሳይጎድልበት።
የወንዙ ፐርችና የባሕሩ ሄሪንግ በዚያው አልጫ ይውላሉ፣
ማን ድንጋይ፣ ማን ጨው እንደሆነ ሳይጠያየቁ ያድራሉ።

ኡርማስ ሳቀ።
ከኅዳር ወዲህ የሳቀውን እቆጥራለሁ፤ ያ ሦስተኛው ነው።

ሰኞ የቧንቧ ውኃ ሞላን። አሥር ኒዮን ገዛን፤ ዘጠኙ አሉ፤
አንዷ የት እንደገባች ቀንድ አውጣዎቹ ያውቃሉ።
መለኪያውን ሱቁ አልመልስም አለ፤ ደረሰኙ የለም።
አሁን ኩሽና ውስጥ ነው፣ ከጭልፋው ጎን ምስማር ላይ።
ሾርባ በወጣ ቁጥር ኡርማስ ያወርደዋል፣
መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ ይነክረዋል፣
«ስድስት» ይላል።

ይዋሻል። ምላሴ ያውቃል።
ጨው ግን አልጨምርም።