ወፍራሙ ክር

ከዚራ፣ ከሙርሰል ጎሚስታ ደጅ፣ ከኒሟ ዛፍ ሥር፣
ሦስት ቤዝ መቺዎች፣ አንድ ቤዝ፣ ሦስት ክር።
አራተኛው ተበጥሷል ካቻምና፤
ጅቡቲ የላክነው ሾፌር እስካሁን እየመጣ ነውና።
"ግዴለም አቦ፣" ይላል ሙርሰል፣ "የሄደው ቀጭኑ ነው፤
ቤዝ የሚባል ሰውዬ ቤቱ ወፍራሙ ላይ ነው።"

መሽቷል፣ ሙቀቱ ግን አልሰማም። አስፋልቱ ለስልሷል፤
የደምሰው ሸሚዝ ከጀርባው ተጣብቋል፤
ለስላሳው ከጠርሙሱ ሳይወጣ ሞቋል።
ወሬያችን ያው ነው፣ የየማታው፤
ማን መታ? የት መታ? እንዴት መታው?

ደምሰው የባቡር ልጅ ነው። አባቱ ፍሬን ያዥ ነበሩ፤
ከድንች ጆንያ ሥር ሸክላ ይመጣላቸው ነበር በባቡሩ።
ሽፋኑ ላይ አራት ጸጉራም ፈረንጆች፣
ስማቸውን እንደየአፋችን የጠራናቸው፣ የሮክ ልጆች።
"ያ ጥግ ላይ የቆመው፣" ይላል፣ "ግማሽ ፊቱ የተቆረጠው፣
እሱ ነው ቤዙ። ሸክላው ሳይዞር ነው ያወቅሁት፤
ፎቶ ሲነሳ እንኳ ለሰው ቦታ የለቀቀው።"

ሙርሰል አይስማማም። ሙርሰል ለመስማማት አልተፈጠረም።
"ሸክላ የደረቀ ዓሣ ነው፤ ይበላል እንጂ አይዋኝም።
ሙዚቃ መድረክ ነው! የባቡሩ ክበብ፣ የዒድ ማግስት፣
ሰማያዊ ሐዲድ ባንድ፣ ስድስት ሰው፣ አንድ ማይክ፣
አዳራሹ ጢም ብሎ፣ ሰው መስኮት ላይ ተሰቅሎ፣
ሊዱ ጣቱን ሊያሳይ ወደ ፊት ወጥቶ፣ ኮርቶ፣
እኔ ከአምፑ ጎን፣ ጉልበቴ እስኪንዘረዘር ተጠግቼ፣
አራት ኖታ፣ አራት ብቻ፣ ዓይኔን ዘግቼ።
ከዚያ ድው! መብራት ሄደ።
ኦርጋኑ ሞተ። ሊዱ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ዘፋኙ ወረደ።
ድራሙ ብቻ። እኔ ግን እጄን አላነሳሁም፤
በጨለማ የሞተ ክር መታሁ፣ አላቆምኩም።
ሰዉም ጭፈራውን አላቆመም! ወላሂ፣ አንድም ሰው!"

"በድራሙ ነዋ የጨፈረው፣" አለ ደምሰው።

"ድራም ተረከዝ ያነሳል። ወገብስ? ወገቡን ማን አነሳው?
ቤዙ ሆዳቸው ውስጥ ቀርቶ ነው፤ እኔ ብቻ አልነበርኩም የምመታው።"
"በድራሙ ነው።"
ሙርሰል ሊመልስ አፉን ከፈተ፣ ተወው።

እኔ ትንሹ ነኝ። የሠርግ ቤት ቤዝ፣ ሳቢያን፣ ገንደ ቆሬ፤
አሁን ኪቦርዱ በግራ እጁ እንጀራዬን በልቶት፣
"ና እስቲ ስፒከር አውርድልን" የምባል ሆኛለሁ ዘንድሮ፣ ዛሬ።
ይህን ስነግራቸው ዝም አሉ።
ባጃጅ አለፈች፣ ዘፈኗ ጭው፣ ጭው።
"ሰማህ?" አለኝ ሙርሰል። "ጣሪያ ብቻ። መሠረት የለው።"

አምፑን ደቻቱ ነው የወሰደው፣ በሌሊት የመጣ ጊዜ።
ስለዚያ ሌሊት እዚህ ደጅ አይቀለድም።
የሄደው አምፕ ብቻ አልነበረም።
ድራመሩ የደምሰው ታናሽ ወንድም ነበር።

ሙርሰል ቤዙን አነሳ። ስኳር የጣቶቹን ጫፍ አደንዝዟል፤
በጣቱ አይሰማም አሁን፤ አገጩን እንጨቱ ላይ አሳርፏል፣
በመንጋጋው ይሰማል።
ከዚያ የጊታሩን ራስ ከሱቁ የቆርቆሮ በር አስደገፈና
ወፍራሙን ክር ለቀቀው።
በሩ አጉረመረመ። ብሎኑ፣ ማጠፊያው፣ የተሰቀለው ካላማዳሪ፣
ሁሉም ያንኑ አንድ ድምፅ አወጣ፣
እኔም ከተቀመጥኩበት ጎማ ሥር ተሰማኝ፣ ሲወጣ።

"ላ ነበር የጀመርነው፣" አለ ደምሰው።
"ሬ ነው፣ ደንቆሮ።"
"ላ ነው።"
ሙርሰል ሬን መታ። ከዚያም፣ ትንሽ ቆይቶ፣ ላን።
አራት ኖታ። አራት ብቻ።
ደምሰው ጎንበስ አለ፤ አሮጌ ጎማ ወደ ጭኑ ሳበ፤
በሁለት መዳፉ መምታት ጀመረ።
"ቀስ፣" አለው ሙርሰል፣ ዓይኑን ሳይገልጥ፣
"ቀስ በል፣ አትሩጥ።"