የሉቃስ ዓመት

ፕቱይ ላይ፣ ድራቫ ዳር፣ በረዶው ሲሟሟ፣
ኔዥካ ቁልፉን ይዛ፣ ከደወሉ ቀድማ፣
ሐምራዊውን አጥፋ ሮዙን ካባ አወጣች፤
«ጾሙ ተጋመሰ» ብቻዋን አወጋች።

ማቴዎስ አለፈ፣ ማርቆስም አለቀ፣
ሦስት ዓመት ቆጥሮ ሉቃስ ቤት ዘለቀ፤
ያን አባካኙን ልጅ፣ ከነእሪያው ሽታ፣
እየመራ አመጣው ወደዚያችው ቦታ።

ልጃገረድ ሳለች ከታላቁ ኋላ
ደጅ ቆማ አኩርፋለች ፍሪዳው ሲበላ።
ቲለን ልጇ ወጥቶ፣ ግራትስ ከሄደ፣
ሁለት ሉቃስ ሆነው፤ ስልኩም ተወደደ።

ቄሱ ብዙ አሉ፤ እሷ አልተከተለች፤
«ገና ሩቅ ሳለ» ሲባል እዚያው ቀረች።
ከሩቅ ለማየትማ
ስንት ቀን ደጅ ቆሞ?

ከቅዳሴ ኋላ ጨርቅ አረጠበች፤
የዕቃ ቤቱን መስኮት፣
በድልድዩ በኩል ያለውን፣
ወለወለች።