የሙርዶ ድምፅ

በስኮትላንድ ወደብ አዳራሽ፣ ዝናብ ቆርቆሮ ሲደልቅ፣
ዕጩዋ ኢሽቤል ቆመች፣ ምን እንደምትጠየቅ ስታውቅ።
ጋዜጠኛው ቸኮለ፦ «ሄሮይን ተወግተሻል?»
«አራት ዓመት። ክንዴ ይኸው፤ ጠባሳው ይቆጠራል።»

አንዱ «ያለፈ አለፈ» አለ፤ አንዷ ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች፤
ኢሽቤል የሰበሰበችውን እጅጌ ሳትመልስ ቆየች።

ከኋላ ሙርዶ ተነሣ፤ ጣቱ በመረብ የደነዘዘ፣
ቆቡን እንደ እርጥብ ጨርቅ በሁለት እጁ እየጠመዘዘ።

«ፈርገስን ታውቂው ነበር?»
«አውቀው ነበር።»
«ያን ሌሊትስ?»
«አብሬው ነበርኩ።
ስልክ አነሣሁ፤ ፖሊስ ፈራሁ፤
ዘግቼ ሮጥኩ።»

ይህን ጋዜጣ አያውቀውም፤ የትም አልተጻፈም ነበር።
ሙርዶ ቁጭ አለ፤ ጣሪያው ላይ ዝናቡ ብቻ ሲናገር።

ሐሙስ ሳጥኑ ፊት ቆመ፤ ወረቀቱ ታጥፏል በእጁ፤
ድምፁን የምትለምነው ያቺው ናት፣
የመጨረሻ ድምፅ የሰማች ከልጁ።