ደም መላሽ

የእታፈራሁን ዓይን ነርሷ ገልጣ አየችና፣
ከቆቡ ሥር ነጭ ነው፣ እንደ አዲስ ባና።
«ደም ማነስ» አለችን፣ «ሰባት ወር ላይ ሆና!»

እኔ ምን አውቃለሁ? ምርጊቱን ስትልሰው፣
አምሯት ነው ብያለሁ፤ የማያምረው ማን ነው?
ክንዷ ላይ ያየሁት ሰማያዊ በለዝ፣
ውኃ ስትቀዳ ነው፣ ጀሪካኑን ስትይዝ።

ከመሐል ሜዳ አምቡላንስ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በጉም፤
ሾፌሩ በልምድ እንጂ በዓይኑ አይነዳም።
ድዷ መድማት ጀምሯል፤ ነጠላዋን ነክሳ፣
ዝም፤ እኔም ዝም አልሁ፤ የቱን ወሬ ላንሣ?

ሐኪሙ ወረቀት ይዞ፣ «ፕላትሌቷ ወርዷል፤
ሠላሳ ሺህ» ሲለኝ፣ እኔ ብዙ መስሎኝ!
በሬ እኮ ይገዛል።
«ይህ ካነሰ» አለኝ፣ «ደሟ ዝም ብሎ ይፈሳል።»

ደም አምጡ ተባለ። የእኔ አልገጠማትም፤
ወንድሞቿም ገቡ፤ የአንዱም አልሆናትም።

የሸዋንግዛው ልጅ እጅጌውን ጠቅልሎ፣
ገባ፤ አላየኝም፤ «የኔ ይሆናል» ብሎ።
ያባቱን ዱላ ምልክት ወንድሜ ግንባር ላይ
አይቼ፣ ደም ልመልስ የማልሁ ነኝ በሰማይ።

ከረጢቱ ተሰቅሎ ጠብ ጠብ ሲል እያየሁ፣
አንድ፣ ሁለት እያልሁኝ ስቆጥረው አደርሁ።
ንጋት ላይ ከንፈሯን ደም ግባት ሲነካው፣
ልጁ በረንዳ ላይ ሻይ ነው የሚጠጣው።

ሄድሁና እንደ ሌባ አጠገቡ ቆምሁኝ፤
«ላባትህ ንገረው» አልሁ፣ «ደሜን መለስክልኝ።»

ሐኪሙ ገና ይላል፤ ሠላሳው ሠላሳ አንድ፤
ሁለት ወር ይቀራል። ውጪ ጉም፤ ብርድ።