እንደ እና እንዴ

ሁለት ሺህ ብር ቀብድ በእጄ ተቀብዬ፣
«ለቅዳሜ ጠዋት ይደርስልሃል» ብዬ፣
ደብረ ብርሃን ላይ፣ ውርጭ ባለበት ማታ፣
ጉልበቴን አቀረብኩ በጠረጴዛ ፈንታ።

«አንቺ» ብዬ ጻፍኩኝ፤ ቀጥዬም «እንደ» አልኩኝ፤
ከ«እንደ» ወዲያ ያለው ጠፍቶብኝ ቆየሁኝ።
«እንደ» ብቻዋን አትቆም፤ እንደ አተር ሐረግ ናት፣
አጥር ትፈልጋለች የሚደግፋት።
(አያችሁ? እሷን ለመግለጥም እሷኑ ጠራኋት።)

ዘፋኙ ምንተስኖት ደውሎልኝ ነበር፦
«ጨረቃ አስገባበት፣ ሚዳቋም ጨምር፣
ጥርሷን በበረዶ አድርገህ አሳምር።»
እንደታዘዝኩት ደረደርኩ።

ሊነጋጋ ሲል ነው ወለላ የገባች፤
ከብርድ ልብስ ፋብሪካ፣ ሌሊት ፈረቃ ነች።
የሱፍ ብናኝ ቅንድቧ ላይ፣ እጇ ዘይት ዘይት ሲል፣
«እስኪ አንብብልኝ» አለች፣ ጫማዋን ስትጥል።

«ጥርስሽ እንደ በረዶ...»
                    «እንዴ!» አለች፣ «በረዶ?
የጋሽ አጥናፌ ባቄላ አምና ክረምት ረግፎ፣ ማሳው ተንዶ፣
የማዳበሪያው ዕዳ ገና ሳይከፈል፣
አንተ በረዶውን በአፌ ልትተክል?»

«ዓይንሽስ እንደ ሚዳቋ...»
                    «እንዴ! ሚዳቋ አይተሃል?» «በወሬ።»
«እኔ የማውቀው ጭላዳ ነው፣ ደረተ ቀይ፣ ባለ ጎፈሬ፤
ጓሳ ላይ ሣር ሲነጭ አይተኸዋል አንተም፤
በሱ መስለኝና፣ ከዚህ ቤት አታድርም።»

«ጨረቃስ?» አልኳት፣ ድምፄ እያነሰ።
«ጨረቃዋ ጥርት ያለች ሌሊት ነው፣ ገብሱን ውርጭ የሚመታ።
እኔ ነኝ በል እንግዲህ የዚያ ብርድ ጌታ?»

ብላ ተኛች፤ ብርድ ልብሱን እስከ አገጯ ስባ፣
ጠርዙ የተዛነፈ፣ በቅናሽ ወደ ቤት የገባ።

እኔ ግን አንድ መንገድ መጣብኝ በሐሳብ፦
ጣርማ በር፣ ጭጋግ፣ ከዋሻው አፍ ቀረብ፣
ሾፌሩ መስተዋቱን በክርኑ ወልውሎ፣
ረዳቱ «ቀስ በል፣ ቀስ በል» ብሎ፣ ብሎ፣
አንዲት ሴትዮ ከኋላ ስለት እየተሳሉ፤
ዋሻው አለቀ፣ ድንገት ቁልቁል፣ ቆላው ሙሉ!
ደብረ ሲና፣ ቆርቆሮው ሁሉ ፀሐይ ይዞ፤
ማንም ሳያዝዘው፣ ሰዉ ከዳር እስከ ዳር
ኮቱን ሲያወልቅ ነበር።

ስትስቂ እንደዚያ ነው።

ጻፍኩት። ላክሁት። ምንተስኖት ሳቀብኝ፦
«ዋሻና ኮት በዘፈን? ኧረ ተወኝ!
ዜማው ትንፋሽ አጣ፣
በል ጨረቃዬን ቶሎ አምጣ።»

ቀብዱ ግማሹ ለቤት ኪራይ ሄዷል፤
የተበላ ገንዘብ እንዴት ይከራከሯል?
ጨረቃዋን መለስኩለት፣ ሚዳቋዋን ከነጥጃዋ።
ዋሻው ደብተሬ ውስጥ ቀረ።

ነሐሴ ነበር፣ ዝናብ፣ ሻይ ቤቱ ጢም ብሎ፤
ሬዲዮኑ ያን ዘፈን ለቀቀው፣ ድምፁን ከፍ አድርጎ።
ወለላ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ አቅፋ
እስከ መጨረሻው ሰማች፣ ሻይዋን እፍ እያለች።
«ታምራለች» አለች፣ «ግን ማናት ይቺ ልጅ?»
«እንጃ» አልኳት፣ «እኔም አላውቃት።»
«እንዴ!»

ሳቀች።

ኮቴን አወለቅኩ።